በሐምሌ ሁሉም አትክልተኛ ነው

በሐምሌ ሁሉም ሰው አትክልተኛ ነው። ዝናቡ አለ። አፈሩ ለስልሷል። ችግኝ በየቦታው በነፃ ይታደላል፣ ፎቶውም ያምራል። በዚያ ሰሞን "ግቢያችንን እናልማ" ብላችሁ ስብሰባ ብትጠሩ ወንበር አይበቃችሁም። አዋጡ ብትሉም የሚያንገራግር የለም። ያንኑ ሰው በየካቲት ጀሪካን ይዞ እንዲመጣ ጥሩት እስቲ።

ይህን የምለው ሐሜት አምሮኝ አይደለም። (እሺ፣ ትንሽ አምሮኛል።) በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ያለችውን የጋራ አትክልት ቦታ ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። ቀን ቀን የመሥሪያ ቤት ሒሳብ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የጎመን ሒሳብ። ገንዘብ ያዥ ሆኜ የተመረጥኩት እጄን አውጥቼ አይደለም። የዚያን ቀን ስብሰባው ላይ ስላልነበርኩ ነው። እድር ያለበት ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል፤ የቀረ ይመረጣል።

ደብተሩ እጄ ከገባ ወዲህ ያየሁትን ባጭሩ ልናገር። የሰፈር አትክልት ቦታ በመትከል ወጪ አይከስርም። መትከል ርካሽ ነው። የሚከስረው በበጋ ነው፤ ለበጋው ደግሞ ማንም በጀት አይዝለትም።

ቦታችን በሁለት ብሎኮች መካከል ያለች መቶ ካሬ ገደማ ናት። ከፎቅ ላይ ሲያዩዋት መሬት ትመስላለች። ዶማ ሲያርፍባት ግን ሌላ ናት። የብሎኬት ስብርባሪ፣ የደረቀ ሲሚንቶ፣ የፌሮ ቁራጭ፣ የተቀበረ ፌስታል። ኮንዶሚኒየም ግቢ ቆፍሮ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ሕንፃው ሲያልቅ ፍርስራሹ ተጭኖ አይሄድም፤ ይደለደልና አፈር ይለብሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትልቅ ወጪያችን ጥቁር አፈርና ፍግ ነበር። አፈሩን በኢሱዙ አስመጣን። ፍጉን ከከተማው ዳር ካሉ የወተት ላም አርቢዎች ወሰድን። ፍጉ ራሱ ብዙ ብር አይጠይቅም፤ ብሩን የሚበላው መኪናውና ጫኝ አውራጁ ነው። ደግሞ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ሁለት ሦስት ወር ተከምሮ መብላላት አለበት። ለመስከረም የሚፈለገው ፍግ በሰኔ ግቢ ካልገባ የለም ማለት ነው። ሽታውን በተመለከተ አንደኛ ፎቅ ያሉ ጎረቤቶቻችን ያሉትን እዚህ አልጽፈውም።

ከብሩ በፊት ግን ሌላ ጣጣ ነበረብን። ግቢው የማን ነው? በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ አሠራር ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው የጋራ መጠቀሚያ ነው። የጋራ ነው ማለት እኔና ሦስት ጎመን ወዳድ ጎረቤቶቼ ተስማምተን እናጥረዋለን ማለት አይደለም። የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ሊወስንበት ይገባል። መኪና ያላቸው ሰዎች ቦታዋን ለፓርኪንግ ፈልገዋት ነበር። አሁንም ይፈልጓታል፤ ክርክሩ በየዓመቱ ይነሳል። በዚህ ምክንያት አንድ ደንብ አወጣን። ነቅለን ይዘነው መሄድ የማንችለው ነገር ላይ ብር አናወጣም። ኮንክሪት የለም። የግንብ አጥር የለም። አጥሯ አጣና ነው፤ ሮቶዋም ነገ ተነሺ ብትባል ትነሳለች።

አሁን ወደ ብሩ ልግባ። ትክክለኛውን ዋጋ ብጽፍላችሁ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ያረጃል። በተለይ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባው የዘር ጣሳ ዋጋው አይያዝም። ስለዚህ ድርሻውን ልንገራችሁ። በዓመት ከምናወጣው ከእያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ 45 ገደማው ለጉልበት ነው። 25 ለውሃ። 15 ለአፈርና ለፍግ። 7 ለመሣሪያና ለጥገና። ለዘርና ለችግኝ የሚወጣው 8 ብር ብቻ ነው።

ስብሰባችንን ብታዩት ግን ሌላ ነው። ከአንድ ሰዓቱ ሃምሳ ደቂቃው ለዘር ይሄዳል። ብሮኮሊ እንትከል። እንጆሪ እንሞክር። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰውዬ በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ቲማቲም ሲያበቅል አይቻለሁ። በስምንቷ ብር ስንጨቃጨቅ ቆይተን፣ አርባ አምስቷ ላይ ሳንደርስ ሻይ ይመጣል።

ስለ ዘር ካነሳሁ አይቀር የምለውን ብዬ ልለፍ። ለትንሽ ቦታ ጣሳ ሙሉ ዘር መግዛት ኪሳራ ነው። ከተከፈተ በኋላ ጉልበቱ ይደክማል፤ በተለይ የሽንኩርት ዘር ዓመት ከሞላው አትመኑት። ወይ ከሌላ ብሎክ ጋር ተካፈሉት፣ ወይ ችግኙን ከሚያፈሉ ሰዎች ግዙ። ደግሞ ተደጋግሞ የሚቀጠፍ ነገር ትከሉ። የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ ከታች ከታች ቅጠላቸውን እየወሰዳችሁላቸው ለወራት ይሰጣሉ። ራስ ሽንኩርት አራት ወር ገደማ ውሃ ጠጥቶ አንዴ ተነቅሎ ያልቃል። ድንችና ቲማቲም ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይመታቸዋል፤ ጎመን ግን ይችለዋል። በሶብላና ጤና አዳም በየጥጉ ጣል ጣል አድርጉ፤ ቦታ አይፈጁም፣ ለቡናውም ለወጡም ሰው ሁሉ ይፈልጋቸዋል።

ውሃውን ላስላላችሁ። በአዲስ አበባ የበጋ ፀሐይ አንድ ካሬ የጎመን መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይጠጣል። መቶ ካሬ ሲሆን ከ400 እስከ 500 ሊትር ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ20 እስከ 25 ጀሪካን፣ ያውም በየቀኑ። በወር ከ12 እስከ 15 ሜትር ኩብ ይሆናል። የውሃ ታሪፉ ደግሞ ብዙ በቀዳችሁ ቁጥር የሜትር ኩቡም ዋጋ ከፍ የሚልበት ነው። የአትክልቱ ውሃ ከብሎኩ የጋራ ቆጣሪ ላይ ከተቀዳ፣ ጎመን በዓይናቸው ማየት የማይፈልጉ ሰዎች ሒሳብም አብሮ ይወጣል። ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው። እኛ ለአትክልቱ የሚቀዳውን የሚለካ ትንሽ ቆጣሪ ቧንቧው ላይ አስገጠምን። ከገዛናቸው ዕቃዎች ሁሉ እሱን የሚያህል ሰላም ያመጣ የለም።

"የጣሪያውን ውሃ ለምን አናጠራቅምም?" ይላል በየስብሰባው አንድ ጎረቤታችን፣ መሐንዲስ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እኔም አስልቼዋለሁ። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። 200 ካሬ ጣሪያ፣ የሚፈስሰውና የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ፣ ከ150,000 ሊትር በላይ ይሰጣል። ወረቀት ላይ ዓባይ ነው። ችግሩ ያ ውሃ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ማንም በማይፈልገው ጊዜ መምጣቱ ነው። የእኛ ሮቶ ደግሞ 5,000 ሊትር ነው። በመስከረም ሞልቶ ቢዘጋ፣ መቶ ካሬ ለማጠጣት የሚበቃው ለአሥር አሥራ አንድ ቀን ነው። ዐሥራ አንድ ቀን በጋ ያለበት አገር ብንኖር ኖሮ መሐንዲሱ ልክ ነበር።

ስለዚህ በበጋ ቦታዋን እናሳንሳታለን። ሃምሳ ካሬው ብቻ ይለማል፤ የቀረው በደረቅ ሣር ተሸፍኖ ያርፋል። የሚለማውም መደብ ቢሆን በችግኙ መካከል ሣር ይጎዘጎዝበታል፣ ፀሐይ አፈሩን እንዳትልሰው። የሚጠጣውም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። የአትክልት ማጠቢያና የሩዝ ማጠቢያ ውሃ በባልዲ ይመጣል፤ ሳሙና የነካው ግን ለዛፎቹ ነው እንጂ መደብ ውስጥ አይገባም። ይህን ደንብ ለማስረዳት ስንት ቡና እንደተጠጣ አትጠይቁኝ።

ከውሃው የሚብሰው ጉልበቱ ነው። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ፈረቃው ሰው አይቶ አይመጣም። ሌሊት ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎር ጎር ይልና ሳይነጋ ይሄዳል። ያን ጊዜ ነቅቶ ጎማውን ሮቶው ውስጥ የሚከት፣ ሲሞላ የሚዘጋ ሰው ያስፈልጋል። በተራ እናደርገዋለን ተባለ። ስማችን በሰንጠረዥ ተጻፈ፣ ደረጃው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሰንጠረዡ አሁንም አለ፤ በጣም ያምራል። ሌሊት የሚነሳው ግን ጥበቃችን ነበር።

በወሩ መጨረሻ ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ ይሰጠዋል። "ለሻይ" እንላለን። በዓል ሲሆን ይጨመርለታል። እሱም በሁለት እጁ ተቀብሎ ይመርቃል። እኔ ግን ደብተሬ ላይ የት እንደማስገባው ቸገረኝ። ስጦታ ነው? ደመወዝ ነው? የሚሰጠው አንድ ወር ከስምንት ቤት፣ አንድ ወር ከሦስት ቤት ነው። አንድ ቅዳሜ ችግኝ እየነቀለ ሳለ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠየቅሁት። ስንት ቢሆን ይበቃሃል?

"እህቴ፣ ማጠጣቱ ሥራ አይደለም" አለኝ። "እሱማ መዝናኛዬ ነው። ሥራው ውሃውን መጠበቁ ነው። ይመጣል ብዬ ቁጭ ብዬ ያልመጣበትን ሌሊት ማን ይቆጥረዋል?"

ይህን ይዤ ስብሰባ ገባሁ። አንዱ ተነስቶ "ጥበቃ አይደል እንዴ? ለማንኛውም ነቅቶ ነው የሚያድረው" አለ። ጭንቅላታቸውን የነቀነቁም ነበሩ። እኔም ጠየቅሁ። ማኅበሩ የሚከፍለው በሩን እንዲጠብቅ ነው። እሱ ሮቶው ጋ ሆኖ ውሃ ሲያስሞላ የመኪና ስፖኪዮ ቢነቀል ማንን ነው የምትጠይቁት? መኪና ያላቸው ሰዎች ወዲያው ከእኔ ጋር ሆኑ። በሕይወቴ ከፓርኪንግ ፈላጊዎች ጋር የተስማማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በሩን ለዚያ ሰዓት የሚሸፍን ሰው ከቀኑ ጥበቃ ጋር ተመቻቸ። "የማታ ውሃ" የሚል መስመር በጀቱ ላይ ገባ። ክፍያው ወርሃዊ ነው፣ ውሃ መጣም አልመጣም ይከፈላል፣ እሱም ይፈርማል። ከየቤቱ የሚሰበሰበው የሻይ ነገር ቀረ።

እንዲህ ያለ ስብሰባ ሲያልቅ አንድ ሰው አይጠፋም፣ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚል። ይጨበጨብለታል። ተረቱ ግን ሎሚውን ማን እንዳጠጣው አይናገርም።

ገንዘቡ የሚቀመጠው በቤቶች ማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ነው፣ ለብቻው እየተመዘገበ። ሕጋዊ ሰውነት የሌለን ጥቂት ሰዎች በራሳችን ስም ሒሳብ እንክፈት ብንል ጣጣው ብዙ ነው፤ በአንድ ሰው ስም ይቀመጥ ማለት ደግሞ ያንን ሰው መጥላት ነው። የሚወጣው በጣምራ ፊርማ ነው። መዋጮ በቴሌብር የሚልክ ይልካል፤ በእጁ የሚሰጥ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ለአሥር ብርም ቢሆን ይቆረጣል። ወጪው ላይ ነው ችግሩ። ፍግ ሻጭ ደረሰኝ የለውም። አጣና ሻጭም፣ ጋሪ ገፊም የላቸውም። ለዚህ ደንባችን አጭር ነው። ደረሰኝ የሌለው ወጪ በዚያው ቀን፣ ገንዘቡን የተቀበለው ሰውና ከኮሚቴው ውጭ የሆነ አንድ ነዋሪ ይፈርሙበታል። ከሦስት ቀን በኋላ "ያኔ ለጫኝ ሰጥቼ ነበር" የሚል ሰው ከኪሱ እንደሰጠ ይቆጠራል።

ደብተሩ አምስት ዓምድ አለው። ቀን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፣ ምርመራ። ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚሄደው "ቀሪ" ላይ ነው። እኔ የምወደው "ምርመራ"ን ነው። ከአምናው ገጾች ጥቂት ልገልብጥላችሁ። "ጎማ ተሰርቋል፤ 15 ሜትር ተገዛ፤ ከዛሬ ጀምሮ ማታ ጥበቃ ቤት ይገባል።" "ክሽክሽ ገብቷል፤ አመድ ከእንጀራ ጋጋሪዋ በነፃ።" (ክሽክሽ ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ነው።) "ውርጭ፤ ቲማቲሙ የለም።" "ዶማ እጀታ ተሰበረ፤ የሰበረው ከፈለ ግን ስሙ እንዳይጻፍ ብሏል።" "የፋሲካ በግ ገመድ በጥሶ ሁለት መደብ ቆስጣ በላ፤ ባለቤቱ ግምቱን ከፍሏል።" ከበጉም ላይ ለኮሚቴው ተልኮልናል፤ እሱ ግን ደብተር ላይ አልሰፈረም።

ደብተሩን በየወሩ የሚያዩት አራተኛ ፎቅ ያሉ ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን በእድር አመራር ያሳለፉ ሰው ናቸው። ቡና ይፈላል፣ መነጽራቸውን ያደርጋሉ፣ በእርሳስ እያንዳንዱን መስመር ነጥብ እያደረጉ ይወርዳሉ። አንድ ደረሰኝ ከጎደለ ቡናው ይበርዳል እንጂ ገጹ አይገለበጥም። "የኔ ልጅ፣ ብር አይጠፋም" ይሉኛል። "ወረቀት ነው የሚጠፋው።" ሲጨርሱ ገጹን ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እለጥፈዋለሁ። ለእናቶች ደግሞ ፎቶ ኮፒው ከቆጣሪው ሳጥን አጠገብ ይለጠፋል። ማንም ቆሞ አያነብም ብዬ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ሳምንት ዘገየሁ፤ ስድስት ሰው ጠየቀኝ።

ቅጣትም አለን። ቅጣት የሌለው ማኅበር እኛ አገር ማኅበር አይባልም። በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት የጋራ ሥራ ነው፣ የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱ መጀመሪያ የእድር ያህል ነበር፣ ማለትም የማኪያቶ ዋጋ። ሰው ከፍሎ ተኛ። እንዲያውም ከፍሎ የተኛው በኩራት ነው፤ "ግዴታዬን ተወጥቻለሁ" ይላል። አሁን ቅጣቱ ለቀን ሠራተኛ ከሚከፈለው ግማሹ ነው። ሁለት ሰው ከቀረ በእነሱ ብር አንድ ሰው እንቀጥራለን። ስሙንም ቀይረን "የጉልበት ምትክ" አልነው። የሚከፍለውም አይሸማቀቅም፣ ሥራውም አይቀርም። ጎንበስ ማለት የማይችሉ እናቶች ቅጠል ይለቅማሉ፣ ችግኝ ይለያሉ። አራስ ቤት ያለች ሴት አትጠየቅም።

ሲያትል የምትኖረው እህቴ ይህን ስነግራት ሳቀች። እዚያ ከተማው ራሱ የሚያስተዳድራቸው ፒ-ፓች የሚባሉ የጋራ አትክልት ቦታዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 ፒካርዶ በሚባል የጣሊያን ስደተኞች ቤተሰብ እርሻ ላይ ነው የተጀመሩት። እያንዳንዱ ሰው የራሱ መደብ ይኖረዋል፣ እንደ መደቡ ስፋት በዓመት ይከፍላል። ከዚያ በላይ ግን ለጋራው ቦታ፣ ለመንገዱና ለአጥሩ፣ በዓመት የተወሰነ ሰዓት መሥራት ግዴታው ነው። ከምርቱም ለምግብ ባንክ ይሰጣል። እህቴ እንደምትለው ብሩን ማስከፈል ቀላል ነው፤ ሰዓቱን ማስሞላት ነው ራስ የሚያዞረው። እሰይ፣ ብቻችንን አይደለንም ማለት ነው።

ለየብቻ መደብ ብንከፋፈል ይሻል ነበር ወይ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። መቶ ካሬ ለሠላሳ ገደማ ቤት ብናካፍለው ለአንዱ የሚደርሰው ከአንድ አልጋ ስፋት ብዙም አይበልጥም። ግማሹ ሰው በጥር ይተወዋል። የተተወች መደብ ደግሞ የክሽክሽ ማደሪያ ናት፣ ለሁሉም ትተርፋለች። ስለዚህ ቦታዋ አንድ ናት፣ ምርቱም አንድ ነው።

ምርቱን ግን በነፃ አናድልም። ለሠላሳ ቤት በእኩል እንዳናካፍል ቅዳሜ የሚቀጠፈው አንዳንዴ አሥር እስር ጎመን ነው። ያገኘ ይውሰድ ካልን ደግሞ ጠዋት ቤት የሚውል ሰው ይወስደዋል፤ ሥራ የሚሄደው ሲመለስ እንጨቱን ያያል። ስለዚህ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ለአባላት በገበያው ዋጋ ግማሽ ይሸጣል። አንድ ቤት ከሁለት እስር በላይ አይወስድም። ብሩ በቀጥታ ወደ ውሃው ይሄዳል። ለውጭ ሰው አንሸጥም፤ ምክንያቱም በራችን ላይ ጉሊት የምትቸረችር ሴት አለች። የምትሸጠውም ጎመን ነው። መጀመሪያ ሰሞን መደባችንን አጥር ላይ ተደግፋ ታየው ነበር፣ ምንም ሳትል። አሁን የተረፈን ቅጠል ሲኖር ለእሷ በርካሽ እንሰጣለን፤ እሷ ደግሞ የረገፈውን ጎመንና የካሮት ቅጠል ለኮምፖስታችን ታመጣለች። ይህ በየትኛውም ዓምድ የለም፣ ግን ከፍግ ወጪያችን ላይ ቀንሷል።

አሁን ስለ ወራቱ። ጎመን በክረምት ርካሽ ነው። ዝናብ ያበቅለዋል፣ ገበያው ይጥለቀለቃል፣ የእኛም መደብ ያኔ ነው የሚፈካው። ማለትም የምናመርተው ማንም በማይቸገርበት ጊዜ ነው። ጎመን የሚወደደው በበጋ ነው። ሁለት ወር ሊሞላ አምስት ቀን የሚቀረው ዐቢይ ጾም ደግሞ የሚውለው በዚያው ደረቅ ወቅት፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጾመኛው ጎመን፣ ሰላጣና ቀይ ሥር ይፈልጋል፤ ውሃው ግን የለም። አትክልት ቦታ ለአንድ ቤተሰብ አስቤዛ እውነተኛ እፎይታ የሚሰጠው ያኔ ነው። እኛም ሁሉን ነገር ለእነዚያ ሳምንታት ብለን እናቅዳለን። ችግኙ በመስከረም መጨረሻ መደብ ላይ ይሰፍራል። በጾሙ መግቢያ ጎመኑ በደንብ ይዟል፣ እየተቀጠፈ ይቀጥላል።

በጀታችንንም ያዞርነው በዚህ ምክንያት ነው። መንግሥት በጀቱን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ እኛም እሱን ተከትለን ነበር። የሰው ልብ የሚሞቀውም፣ ብሩ የሚገባውም፣ የሚወጣውም በሐምሌ ሆነ። በታኅሣሥ ካዝናው ባዶ ነው፣ ያኔ ደግሞ ዋናው ወጪ ገና ሊጀምር ነው። አሁን ዓመታችን የሚጀምረው ጥቅምት 1 ነው። ክረምቱ ሄዷል፣ ሮቶው ሞልቷል፣ ከፊታችን ያለው ድርቅ ብቻ ነው። ሰው በጀት ሲያወጣ ዝናብ ሲዘንብ መስኮት ላይ ባይቆም ጥሩ ነው። በሐምሌ የሚዋጣውን አንከለክልም፤ ግን ግማሹ አይነካም። "የማታ ውሃ" ክፍያ የሦስት ወሩ ተለይቶ ይቀመጣል። ከዚያ የሚበደር ኮሚቴ የለም፣ ለእንጆሪም ቢሆን።

ስጦታ የሚሰጡንም ሰዎች አሉ፣ አመሰግናለሁ። ግን ሁሉም የሚሰጠው ዶማና አካፋ ነው። ባነር ይዘው ይመጣሉ፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ይሄዳሉ። ለአሥር ሰው የሚበቃ ዶማ አለን፤ ቅዳሜ የሚመጣው ግን አራት ሰው ነው። የመጋቢትን የውሃ ቢል ልክፈል ያለን እስካሁን አላጋጠመኝም። ቢል ፎቶ ላይ አያምርም። ባለፈው አንድ ድርጅት ምን ላድርግላችሁ ሲለን ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ፣ እኔ ቶሎ ብዬ "የሁለት ወር ውሃ" አልኩ። ሰውየው በትሕትና ማስታወሻው ላይ ጻፈው። በሳምንቱ ስምንት አካፋ መጣ።

ከጎናችን ያለው ብሎክ በዚህ ዓመት የራሱን ሊጀምር ነው። ሰብሳቢያቸው ደውላ በጀታችሁን ላኪልኝ አለችኝ። ላክሁላት። የመጀመሪያው መስመር "የማታ ውሃ" ነው፣ ሁለተኛው የውሃ ቢል ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መልሳ ደወለች።

"እኔ የምልሽ፣ ዘሩ የት ነው ያለው?"

"ታች ውረጂ" አልኳት። "ከጥገናው በላይ።"